የሕክምና መሣሪያ ገቢ፣ መዝገብና ሕጋዊ ግዴታ፦ ለወሎ ክሊኒኮች የአሠራር መመሪያ

ማታ ክሊኒኩ ከመዘጋቱ በፊት ሦስት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ማሽኑ ቆጣሪ ዛሬ የጨመረውን፣ በላብራቶሪው መዝገብ የተጻፈውን እና ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ የቆረጠችበትን። ሦስቱ መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ልዩነቱ የመጣበት ምክንያት መታወቅ አለበት፦ ያልተከፈለበት ምርመራ፣ ሳይሠራ የተከፈለበት ምርመራ፣ የተደገመ ናሙና፣ ለኮንትሮል (ማሽኑ ትክክል መሥራቱን ለመፈተሽ) የሄደ ሬጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል)። የጤና መድኅን ኦዲተሩም፣ የገቢዎች ኦዲተሩም፣ የጤና መምሪያው ተቆጣጣሪም መጥተው የሚጠይቁት ዞሮ ዞሮ እነዚህኑ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሆነ ሐይቅ ወይም መርሳ ያለ ክሊኒክ በዚህ መንገድ ቢሠራ ገንዘቡም አይፈስም፣ ፈቃዱም አይነካም።

መጀመሪያ መዝገቡ

ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ መስመርና አንድ ክላሰር ይኑረው። በመስመሩ ላይ የተቋሙ መለያ ቁጥር፣ የመሣሪያው ስም፣ አምራቹ፣ ሞዴሉ፣ ሴሪያል ቁጥሩ፣ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን፣ ያለበት ክፍል እና የሚቀጥለው ሰርቪስ ቀን ይጻፋል። ሴሪያል ቁጥሩን ከካርቶኑ ሳይሆን መሣሪያው ጀርባ ላይ ካለው ሰሌዳ ገልብጡ፣ ሰሌዳውንም ፎቶ አንሱት። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይቀያየራል። ካርቶን ላይ ያለውን የጻፈ ክሊኒክ ከስምንት ወር በኋላ በዋስትና ይጠገንልኝ ሲል «ይህ እኛ የሸጥነው አይደለም» ይባላል።

ክላሰሩ ውስጥ የሚገቡት የግዢ ደረሰኝ፣ የአቅራቢው የብቃት ማረጋገጫ ቅጂ፣ መሣሪያው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን የሚያሳይ ሰነድ፣ ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ፣ ተከላው ተፈትሾ የተፈረመበት ቅጽ፣ ሥልጠና የወሰዱት ሠራተኞች ስም እና ማኑዋሉ ናቸው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያንም ይሸፍናል፤ ያልተመዘገበ መሣሪያ በርካሽ ስላገኛችሁ ብቻ አትግዙ። ደረሰኝ የሌለው ማሽን ጉዳቱ ድርብ ነው። ግብር ላይ የእርጅና ቅናሹን ማስያዝ አትችሉም፣ በማሽኑ የተሠራ ምርመራ ላይ ክርክር ቢነሳም የምታቀርቡት ወረቀት የለም።

የመዝገቡ አንድ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ መቀመጥ አለበት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ የጤና ተቋማት ብዙ መሣሪያ ተዘርፏል፣ ወድሟልም። የጠፋውን ለማስመዝገብ ሴሪያል ቁጥርና ዋጋ የያዘ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ከማሽኑ ጋር አብሮ ከጠፋ ማስረጃ አይኖርም። መድን የምትገቡ ከሆነም ፖሊሲውን አንብቡ፤ መደበኛው የእሳት መድን ጦርነትንና ሁከትን አይሸፍንም፣ ለሱ የተለየ ሽፋን ይጠየቃል።

ሁለት ዓይነት መሣሪያ ተለይቶ ይመዝገብ። አንደኛው አቅራቢው በነፃ ተክሎላችሁ ሬጀንቱን ብቻ ከሱ የምትገዙት ማሽን ነው። ይህ የእናንተ ንብረት ስላልሆነ በቋሚ ንብረት መዝገብ አይገባም፣ የእርጅና ቅናሽም አይያዝበትም። ውሉን ስትፈርሙ ሦስት ነገር ፈትሹ፦ በወር ቢያንስ ምን ያህል ሬጀንት እንድትገዙ ያስገድዳል፣ ማሽኑ ሲቆም በስንት ቀን ውስጥ ባለሙያ ይልካሉ፣ ማሽኑ በቆመባቸው ቀናት የግዢ ግዴታው ይቀነሳል ወይ። ባለሙያው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአዲስ አበባ ነውና የሚመጣው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ለደሴ ክሊኒክ የህልውና ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው በስጦታ የመጣ መሣሪያ ነው። ከውጭ ያሉ የወሎ ልጆች ብዙ ልከዋል፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ሲደርስ ግን መጀመሪያ የቮልቴጅ ሰሌዳውን እዩ። የኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ 110 ቮልት የተጻፈበትን ማሽን በቀጥታ የሰካ ሰው ፓወር ሰፕላዩን ያቃጥላል። ዋጋ ስታወጡ ደግሞ በነፃ ስለመጣ ወጪ የለውም አትበሉ። ሲያረጅ የሚተካበት ገንዘብ ከአገልግሎት ዋጋው ውስጥ ካልተጠራቀመ ሌላ ስጦታ መጠበቅ ይመጣል። በመንግሥት ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት ግን፣ ለምሳሌ የቲቢ ምርመራና ሕክምና፣ ዋጋ አይጻፍበትም፤ የፕሮግራሙ መመርመሪያም በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም።

የመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ከሆናችሁ የዕቃው ገቢ በሞዴል 19፣ የዕቃው ወጪ በሞዴል 22 ይሄዳል። የግል ክሊኒክም የራሱን የዕቃ ገቢና ወጪ ቅጽ አትሞ፣ ተከታታይ ቁጥር ሰጥቶ ይህንኑ አካሄድ ቢከተል ይበጀዋል።

ዋጋ አወጣጥ

ብዙ ክሊኒክ ዋጋ የሚያወጣው ጎረቤት ክሊኒክ የሚያስከፍለውን አይቶ ነው። ጎረቤቱም የወሰደው ከሌላ ነው። ዋጋችሁ ከጎረቤት ጋር እኩል ሊሆን ይችላል፣ ግን ወጪያችሁን ሳታውቁ ከጤና መድኅን ወይም ከድርጅት ጋር የዋጋ ውል መፈረም የለባችሁም። አንድ ስሌት ሙሉውን እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፣ በራሳችሁ ቁጥር ተኩ።

የሲቢሲ ማሽን በ900,000 ብር ተገዛ እንበል። የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ስለሆነ ስትገዙ የከፈላችሁት ታክስ ካለ ተመላሽ አይሆንም፤ ስለዚህ ዋጋው ውስጥ ይገባል። ስድስት ዓመት ያገለግላል ብለን ስናካፍል በዓመት 150,000 ይመጣል። ለሰርቪስና ለመለዋወጫ 60,000፣ ለዩፒኤስ ባትሪና ለመብራት 18,000 ጨምሩ፤ ድምሩ በዓመት 228,000 ብር ነው። በቀን 20 ምርመራ በ300 ቀን 6,000 ምርመራ ነው፤ ለአንዱ 38 ብር ይደርሰዋል።

አሁን ሬጀንቱ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማኑዋሉ አንድ ምርመራ ይህን ያህል ሚሊ ሊትር ዳይሉየንት (ደሙን የሚያቀጥን ፈሳሽ) ይወስዳል ይላል፤ ማሽኑ ግን ጠዋት ሲነሳም፣ ራሱን ሲያጥብም፣ ማታ ሲዘጋም፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ይጠጣል። በማኑዋሉ ቁጥር አትመኑ። አዲስ 20 ሊትር ስትከፍቱ ቀኑን ካርቶኑ ላይ ጻፉ፤ ሲያልቅ በመካከል ስንት የታካሚ ውጤት እንደወጣ ከመዝገብ ቁጠሩ። 400 ከሆነና ካርቶኑ 9,000 ብር ከሆነ ለአንዱ 22 ብር ከ50 ነው። ላይዙ (ቀይ የደም ሴል የሚያፈርሰው ፈሳሽ) በ6,000 ብር ተገዝቶ 400 ውጤት ከሰጠ 15 ብር። ኮንትሮል በወር 8,000 ብር ለ500 ታካሚ 16 ብር። ቱቦ፣ መርፌ፣ ጓንትና አልኮል 25፣ ወረቀት 3፣ የባለሙያ ጊዜ 30። ሲደመር 149 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ለድጋሚና ለብክነት 5 በመቶ ስትጨምሩ 157 ብር ገደማ ይደርሳል።

አሁን ይኸው ክሊኒክ በቀን 20 ሳይሆን 8 ታካሚ ብቻ ቢመረምርስ? 228,000 ለ2,400 ሲካፈል 95 ብር ይሆናል። ኮንትሮሉ ለ200 ታካሚ 40 ብር ይመጣል። ሬጀንቱን ባንነካው እንኳ ድምሩ 230 ብር ከ50 ነው፤ ሬጀንቱም ባነሰ ታካሚ መካከል ለእጥበት ስለሚባክን ከዚህ ከፍ ይላል። በዚህ ምክንያት ትንሽ ክሊኒክ በ150 ብር ውል ሲፈርም በእያንዳንዱ ሲቢሲ ከኪሱ እየጨመረ ነው። በቀን ከአሥር በታች ከሆነ ናሙናውን ከጎን ካለ ላብራቶሪ ጋር በጽሑፍ ውል ማሠራት ይሻላል እንላለን፤ የማሽን መኖር ለክሊኒኩ ክብር ይመስላል፣ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም።

ኦክስጅን፦ በሰዓትና በሊትር

ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚፈሰውና ጭቅጭቅ የሚበዛው ኦክስጅን ላይ ነው። «ኦክስጅን፣ አንድ ቀን» ተብሎ የተጻፈ ሒሳብ የታካሚውን ቤተሰብም፣ መድኅኑንም አያሳምንም። አልጋው ግርጌ የሚንጠለጠል ቅጽ አዘጋጁ፦ የተጀመረበት ሰዓት፣ በደቂቃ ስንት ሊትር፣ ፍሰቱ የተቀየረበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ የነርሷ ፊርማ። ፍሰቱ ከ2 ወደ 4 ሊትር ከተቀየረ አዲስ መስመር ይጀመራል፣ አይሰረዝም።

ለሲሊንደር ስሌቱ ቀላል ነው። 40 ሊትር ውኃ የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ጋዝ አለው። ሙሉ በሙሉ አይለቀቅም፤ እርጥበትና አየር እንዳይገባ ጥቂት ባር ሊቀርበት ይገባል። 10 ባር ካስቀራችሁ የሚሸጠው 5,600 ሊትር ነው። ሲሊንደሩ ከነማስሞያው፣ ከነመኪናውና ከነጫኙ 1,200 ብር ከወጣበት አንዱ ሊትር 21 ሳንቲም ገደማ ነው። በደቂቃ 2 ሊትር ለ14 ሰዓት የወሰደ ታካሚ 2 በ60 በ14፣ 1,680 ሊትር ወስዷል፤ ወጪው 360 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለሬጉሌተር (ግፊት መቆጣጠሪያ)፣ ለናዛል ካኑላ (የአፍንጫ ቱቦ) እና ለትርፍ የምትጨምሩትን ለይታችሁ ጻፉ። ሬጉሌተሩ ሲቀየርና ሲከፈት ግፊቱን መዝግቡ፤ የወረደው ባር በ40 ሲባዛ የወጣውን ሊትር ይሰጣል። ከቅጹ ድምር እጅግ ከበለጠ ወይ ይፈሳል፣ ወይ ቅጹ ላይ ያልተጻፈ ታካሚ አለ። ለመፍሰሱ የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያው ላይ ቀቡ፤ ቅባትና ዘይት ግን በጭራሽ አይነካ፣ በኦክስጅን ይቀጣጠላል።

ኮንሰንትሬተሩ (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው ማሽን) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰዓት ቆጣሪ አለው። ጠዋትና ማታ አንብቡት። ቆጣሪው 11 ሰዓት ጨምሮ ሒሳቡ 7 ሰዓት ብቻ ከሆነ አራቱ ሰዓት የት እንደሄደ የዚያው ዕለት መጠየቅ አለበት፣ በማግስቱ ማንም አያስታውሰውም። ስትገዙ የከፍታ ገደቡን እዩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አንዳንድ ሞዴሎች ማኑዋላቸው ላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ያቆማሉ። ጤነኛ ኮንሰንትሬተር 93 በመቶ፣ ሲደመር ሲቀነስ 3፣ ይሰጣል፤ ከ82 በመቶ በታች ለወረደ ኦክስጅን ሒሳብ መጻፍ ያልተሰጠ ሕክምና ማስከፈል ነው። በወር አንዴ በኦክስጅን መለኪያ ፈትሹና ውጤቱን ክላሰሩ ውስጥ አስገቡ። የአቧራ ማጣሪያውን በሳምንት አንዴ እጠቡ፤ እንደ ቆቦ ባለው ቆላ በበጋ ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል።

ከትዕዛዝ እስከ ደረሰኝ

ሐኪሙ በጽሑፍ ያዛል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ኮዱን አይታ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ባለሙያው የደረሰኙን ቁጥር መዝገቡ ላይ ጽፎ ይሠራል፣ ውጤቱ ላይም ያ ቁጥር ይሰፍራል። ድንገተኛ ታካሚ ከዚህ ውጭ ነው፤ መጀመሪያ ይታከማል፣ ወረቀቱ በቀይ «ድንገተኛ» ተብሎ በዚያው ፈረቃ ይሞላል። የዋጋ ዝርዝሩ ገንዘብ መክፈያው ፊት ለፊት በትልቅ ፊደል ይለጠፍ። ዋጋ የሚቀይረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ የተቀየረበት ቀንም ይጻፍ።

ድጋሚ ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። ሐኪሙ ከሁለት ቀን በኋላ ለክትትል ያዘዘው አዲስ ምርመራ ነው፣ ይከፈልበታል። ደሙ ረግቶ፣ መብራት ጠፍቶ ወይም ፊልሙ ተንቀሳቅሶ የተደገመው ግን የተቋሙ ወጪ ነው። መዝገቡ ላይ «ድጋሚ» የሚል አምድ ይኑርና ምክንያቱ ይጻፍበት። ለታካሚውም በግልጽ ይነገር፦ «እማማ፣ ደሙ ስለረጋብን ነው እንደገና የምንወስደው፤ ሌላ ብር አይከፍሉም፣ አብሽሩ።» ይህ ሳይባል ሁለተኛ መርፌ የተወጋች እናት ሁለት ጊዜ የከፈለች ይመስላታል፣ ወሬውም ገበያ ይደርሳል።

ገንዘብ የሚቀበል፣ ማሽኑን የሚያሠራና ሒሳቡን የሚያመሳክር ሦስት የተለያየ ሰው ይሁን። ትንሽ ክሊኒክ ሦስት ሰው ባይኖረው እንኳ የሚያመሳክረው ባለቤቱ ራሱ ይሁን።

ቀንና ሰዓት፦ ክፍያ የሚያስቀረው ትንሽ ነገር

የአልትራሳውንድ ኅትመቱ 12/03/2025፣ 14:30 ይላል። የሐኪሙ ማዘዣ 03/07/2017፣ ከቀኑ 8፡30 ይላል። ሁለቱም ያው መጋቢት 3 ናቸው። ከሩቅ ሆኖ ወረቀት የሚመረምር ሰው ግን አለመግጠሙን ነው የሚያየው፣ ጥያቄውንም ይመልሰዋል። መፍትሔው ከማሽን የሚወጣ ማንኛውም ወረቀት ላይ የኢትዮጵያውን ቀን በማኅተም ማስፈር ነው። ልወጣውን በቃል አትሥሩት። የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነበር፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የአንድ ቀን ልዩነቱ ይቀጥላል። በ2019 መጨረሻም ያው ይመጣል።

ሌሊት የዋለ ኦክስጅን ደግሞ የበለጠ ያምታታል። ከምሽቱ 4፡00 ተጀምሮ ከሌሊቱ 10፡00 የቆመ ስድስት ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ግን ከ22:00 ተነስቶ ቀኑን ቀይሮ 04:00 ይላል። አንዷ ነርስ የመጀመሪያውን ቀን፣ ሌላዋ የሚቀጥለውን ከጻፈች ሁለት አገልግሎት ይመስላል። ደንብ አውጡ፦ የሌሊት አገልግሎት በተጀመረበት ቀን ይመዘገባል፣ ሁሉም ሰው በዚያ ይሄዳል።

አሮጌ ማሽኖች ውስጥ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል። ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ ቀኑ ይታይ። ባትሪዋ ርካሽ ናት፤ የተሳሳተ ቀን ያለበት የአንድ ወር ውጤት ግን የሦስት ወር ክፍያ ሊያስቀር ይችላል።

የጤና መድኅንና የክሬዲት ደንበኞች

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ለወሎ አዲስ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በሙከራነት ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ናት። ከመድኅኑ ጋር ውል ያለው ተቋም ታካሚው ሲገባ የሚያየው፦ መታወቂያው የዘንድሮ መዋጮ ታድሶበታል ወይ፣ ፎቶውና የቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ ስሙ አለ ወይ፣ ከጤና ጣቢያ የመጣበት የሪፈር ወረቀት ማኅተም አለው ወይ። እነዚህ ከምርመራ በፊት ካልታዩ ከምርመራ በኋላ አይገኙም። ታካሚው ከአምባሰል ወይም ከወረባቦ ገጠር መጥቶ ከሄደ በወረቀት አትመልሱትም።

የክፍያ ጥያቄው ላይ የበሽታው ምርመራና የታዘዘው መሣሪያ መመጣጠን አለባቸው። ለቁርጭምጭሚት ውልቃት የሆድ አልትራሳውንድ ከተጠየቀ፣ ምክንያቱ በካርዱ ካልተጻፈ ይቀነሳል። ውጤቱ፣ ማዘዣውና የአገልግሎት ቅጹ በአንድ ስቴፕል ይያዙ። በውሉ የተቀመጠው ቀን፣ ብዙ ጊዜ በሩብ ዓመት፣ ሳያልፍ አስገቡ፤ ስታስገቡም ቅጂው ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርም። የጳጉሜን አምስት ቀናት ከነሐሴ ጋር ይሁኑ ከመስከረም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በየዓመቱ ይጠፋሉ።

የፋብሪካና የድርጅት ክሬዲት ደንበኞች፣ በተለይ ኮምቦልቻ ያሉት፣ የሚታከም ሠራተኛ ማዘዣ ወረቀት ይዞ ይምጣ። ማዘዣው ላይ የብር ጣሪያና የሚሸፈነው አገልግሎት ካልተጻፈ፣ ውድ ምርመራ ከመሠራቱ በፊት ለሚመለከተው ክፍል ደውላችሁ የተናገረውን ሰው ስምና ሰዓት ጻፉ። ሲከፍሏችሁ ቅድመ ግብር ቀንሰው ነው። ይህ ኪሳራ አይደለም፣ ለእናንተ የተከፈለ ግብር ነው። የቅድመ ግብር ደረሰኙን ካልተቀበላችሁ ግን በዓመት መጨረሻ ሁለተኛ ጊዜ ትከፍሉታላችሁ። እናንተም ከአቅራቢ ሬጀንት ወይም ማሽን ስትገዙ ከተወሰነው መጠን በላይ ሲሆን የመቀነስ ግዴታ አለባችሁ። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 መጨረሻ ስለተሻሻለ የድሮውን መቶኛ በልማድ አትቁረጡ።

ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሒሳቡን እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃል። የመሣሪያ ቆጠራው ስለዚህ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ይደረግ። የደረሰኝና የመሣሪያ ፋይሎችን 10 ዓመት አስቀምጡ።

ተቆጣጣሪ ሲመጣ

የክሊኒኩ ፈቃድ ሲታደስ በደረጃችሁ መሥፈርት ላይ የተዘረዘረው መሣሪያ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መሥራቱም ይታያል። የተበላሸ መሣሪያ ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፉ፣ ከሚሠራው ለዩት፣ በተበላሸበት ቀን ውስጥ በሱ ምንም አገልግሎት እንዳልተመዘገበ አረጋግጡ። ማሽኑ ጥገና ላይ እያለ በስሙ የተቆረጠ ደረሰኝ ማንም ተቆጣጣሪ በደቂቃ ያገኘዋል።

ኤክስሬይ ካላችሁ የጨረር ፈቃድ ከኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ነው። ባለሙያው ዶዚሜትር (የወሰደውን ጨረር የሚለካ) ይልበስ፣ የእርሳስ ሽርጡ መንጠቆ ላይ ይሰቀል እንጂ አይታጠፍ፤ ውስጡ ይሰነጠቃል። የተደገሙ ፊልሞችን በወር ቁጠሩ፣ ለጨረርም ለወጪም ይጠቅማል።

አውቶክሌቩ (ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም በከፍታ ቦታ የሚያሳስት ነገር አለው። ሁሉም ሰው ግፊቱ 15 ፒኤስአይ ሲደርስ 121 ዲግሪ ሆነ ብሎ ያምናል። ያ የባሕር ጠለል ሒሳብ ነው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ደሴ ላይ የውጭው አየር ራሱ ቀላል ስለሆነ 15 ፒኤስአይ ላይ ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ደሴ ላይ 19 ፒኤስአይ አካባቢ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ 18 አካባቢ ያስፈልጋል። ይህ የሚሆነው የአምራቹ ከፍተኛ ግፊት ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ከተጻፈው ገደብ በላይ በፍጹም አታስኬዱ፣ ቫልቩን አትሸብቡ። ካልፈቀደ ጊዜው በሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይራዘማል፣ በስፖር ምርመራም (ሙቀት የሚቋቋም ጀርም መሞቱን በሚያሳየው) ይረጋገጣል። የሚጠቁረው ቴፕ ሙቀት እንደነካው እንጂ እንደጸዳ አይናገርም። ለእያንዳንዱ ዙር ቁጥር ስጡ፣ ጥቅሉ ላይ ጻፉት፣ ቀዶ ጥገናው ካርድ ላይ ገልብጡት። ቁስል ቢመረቅዝና ክስ ቢመጣ ያንን ጥቅል ከነሙቀቱና ከነሰዓቱ ታወጣላችሁ፤ የቀዶ ጥገና ዕቃ ክፍያችሁም መሠረት ያገኛል።

ውጤትን ከነስሙ በቴሌግራም መላክ ተለምዷል፣ መቆም አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለድርጅት የሚላክ የክፍያ ሰነድ ላይ የምርመራው ስምና ዋጋ ይበቃል፤ የሠራተኛው ውጤት ለአሠሪው የሚሄድበት ምክንያት የለም።

ለቤት የሚከራይ መሣሪያ

ኮንሰንትሬተር፣ ዊልቸርና ኔቡላይዘር የምታከራዩ ከሆነ ውሉ አንድ ገጽ ይብቃው። የሴሪያል ቁጥር፣ ሲወጣ የነበረው የሰዓት ቆጣሪ ንባብ፣ የዋስ መታወቂያ ቅጂ፣ የቀን ኪራይ፣ የመያዣ ገንዘብ። መያዣው ገቢ አይደለም፣ የሚመለስ ዕዳ ነው፤ በተለየ ደረሰኝና በተለየ መስመር ያዙት፤ ከኪራይ ጋር ከተቀላቀለ ግብር ትከፍሉበታላችሁ፣ ሲመለስም ከየት እንደወጣ አይታወቅም። ኪራዩ ራሱ እንደ ሕክምና አገልግሎት ይታይ ወይም አይታይ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስወስኑና መልሱን ፋይል አድርጉ። ቤተሰቡ ስታቢላይዘር እንዳለው፣ እንዲሁም ማገዶ፣ ከሰልና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ እንደማያስቀምጥ ሳታረጋግጡ አታስረክቡ። ቡና በሚፈላበት ቤት ይህን ደግማችሁ ንገሯቸው።

በወር መጨረሻ

ወሩ ባለቀ በሁለተኛው ቀን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ይህን በተራ ሥሩ፦

1. የእያንዳንዱን ማሽን ቆጣሪ የወሩን ጭማሪ ውሰዱ።
2. ከሱ ላይ ኮንትሮልን፣ ካሊብሬሽንን (የማሽኑን ልኬት ማስተካከያ) እና ምክንያቱ የተጻፈ ድጋሚን ቀንሱ።
3. የቀረውን በጥሬ ገንዘብ ከተከፈለው፣ ከመድኅን፣ ከክሬዲትና ከነፃ አገልግሎት ድምር ጋር አወዳድሩ።
4. በቢን ካርዱ (የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) የወጣውን የሬጀንት ካርቶን ብዛት ቀደም ሲል ባገኛችሁት «በካርቶን ስንት ውጤት» አባዙና ከወሩ ውጤት ብዛት ጋር አወዳድሩ።
5. የተመለሱ የክፍያ ጥያቄዎችን በምክንያት ለዩ፤ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ምክንያት ካለ ችግሩ ሰው ላይ ሳይሆን ቅጹ ላይ ነው፣ ቅጹን ቀይሩ።

ልዩነቱ እስከ 2 በመቶ ከሆነ ጽፋችሁ እለፉት። ከዚያ በላይ ከሆነ ቀን በቀን ወደ ኋላ ሂዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ የሚገኘው መብራት በጠፋባቸው ወይም ተተኪ ሠራተኛ በገባባቸው ቀናት ነው። ቆጣሪው ከደረሰኙ ሲያንስ ማሽኑ ተበላሽቶ ውጤት በሌላ መንገድ ተሰጥቶ ይሆናል፤ ይህኛው ከገንዘብ መጉደል የከፋ ስለሆነ ባለቤቱ የዚያኑ ቀን የታካሚዎቹን ስም አውጥቶ ናሙናቸው በነፃ እንደገና እንዲሠራ ያድርግ።